ሲሙሌሽኑን ነካክተው ለሚወጡ ተማሪዎች ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ሳይንስ ዋና የትምህርት ዘርፋቸው ላልሆነ 64 የኮሌጅ ተማሪዎች ጠቅላላ ሳይንስን በርቀት አስተምራለሁ። በየሳምንቱ የሲሙሌሽን (ሙከራን በስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም) ሊንክ እልክላቸዋለሁ። ከፍተው ትንሽ ነካክተው ይወጣሉ። የሥራ ወረቀቱ ሲመለስልኝ ግማሹ ከአንድ ሰው የተቀዳ ነው። አብዛኞቹ ያላቸው ስልክ ብቻ ነው፤ ዳታም ይቸግራቸዋል። ቤተ ሙከራ ሳይገቡስ ሳይንስ ተማሩ ማለት ይቻላል? ከየት ልጀምር?
የጠቅላላ ሳይንስ መምህር

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከጻፉልን እንደተረዳነው የመረጧቸው ሲሙሌሽኖች ችግር የለባቸውም። የጎደለው ከሊንኩ በፊትና ከሊንኩ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። ተማሪ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሳይገምት አንድ ክስተት ቢያሳዩት፣ ያየውን ድሮ ከሚያምነው ጋር አስማምቶ ይተረጉመውና እንደገባው ሆኖ ይሄዳል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ማዙርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት ይህንኑ በክፍል ውስጥ በሚታዩ ሙከራዎች ላይ ፈትሾታል። ሙከራውን ዝም ብለው የተመለከቱ ተማሪዎች ጭራሽ ካላዩት ያልተሻለ ግንዛቤ ነበራቸው፤ ከማየታቸው በፊት የገመቱት ግን ተሻሉ። በስልክ ስክሪን ላይ ለብቻው ለተቀመጠ ተማሪ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ "ቆይ፣ ምን አየህ?" ብሎ የሚያስቆመው ሰው አጠገቡ የለም። ስለዚህ ጉልበትዎን ሌላ ሊንክ በመፈለግ ላይ ሳይሆን ግምቱን በማስጻፍ ላይ ያውሉት።

ግምቱን መጀመሪያ ይቀበሉ

ሁለት የጎግል ፎርም ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከሦስት ምርጫዎች አንዱን ግምት፣ እና "ለምን እንዲህ አሉ?" የሚል የአንድ ዐረፍተ ነገር መልስ። ተማሪው ፎርሙን ሲልክ የሚመጣለትን የማረጋገጫ መልእክት ከፎርሙ ቅንብር ውስጥ መለወጥ ይቻላል። የሲሙሌሽኑንና የሁለተኛውን ፎርም ሊንክ እዚያ መልእክት ውስጥ ያስቀምጡ፤ ግምቱን ያልላከ ሰው ሊንኩን አያገኝም። ሁሉንም በአንድ ፎርም ውስጥ በክፍል ከፋፍለው ካቀረቡት አይሠራም። ተማሪው ሲሙሌሽኑን አይቶ ወደ ኋላ ይመለስና ግምቱን አርሞ ይልካል። ሊንኩን ከጓደኛው የሚቀበል ይኖራል፤ እሱን ለመከላከል ብለው አይድከሙ። ለምን እንደማያሳስብ ቀጥሎ ይገባዎታል።

ለግምቱ ትክክለኛነት ነጥብ አይስጡ። መገመቱንና ምክንያት መጻፉን ብቻ ይቁጠሩ። "ትክክል የገመተ ነጥብ ያገኛል" ካሉ ተማሪው መጀመሪያ መልሱን ፍለጋ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚሰበስቡት ግምት ሳይሆን የተቀዳ መልስ ይሆናል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት በግልጽ ይንገሯቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ይድገሙት። ለዓመታት የተሳሳተ መልስ ሲያስቀጣው የኖረ ተማሪ በአንድ ጊዜ አያምንዎትም።

የተሳሳቱት ምርጫዎች ተማሪዎች በእርግጥ የሚያስቡት ስሕተት ይሁኑ። ማንም የማይመርጠው ምርጫ ቦታ ከመያዝ በቀር ምንም አይፈይድም።

አንድ ሳምንት፣ ከጥግ እስከ ጥግ

ነገሩ በእጅ የሚዳሰስ እንዲሆን የኤሌክትሪክ ዑደትን ትምህርት እንውሰድ። መሣሪያው ፌት ነው፤ በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው፣ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተው ነፃ የሲሙሌሽን ስብስብ። ከውስጡ የቀጥታ ኮረንት ዑደት መገንቢያውን ይክፈቱ።

የመጀመሪያው ግምት እንዲህ ይሁን፦ "አንድ ባትሪና ሁለት እኩል ሬዚስተሮች (ኮረንትን የሚገቱ አካላት) በተከታታይ ተገናኝተዋል። ኮረንቱን ከመጀመሪያው ሬዚስተር በፊት፣ በሁለቱ መካከል፣ ከሁለተኛው በኋላ ብንለካ ንባቡ (ሀ) እየቀነሰ ይሄዳል፣ (ለ) ሦስቱም ቦታ እኩል ነው፣ (ሐ) መካከል ላይ ይበዛል።" ብዙዎች "ሀ"ን ይመርጣሉ፤ ኮረንት በመንገዱ ላይ እየተበላ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ሁለተኛው ግምት፦ "ሁለተኛውን ሬዚስተር በትይዩ ብናደርገው ከባትሪው የሚወጣው ኮረንት ይቀንሳል፣ አይለወጥም ወይስ ይጨምራል?" እዚህ ደግሞ "አይለወጥም" የሚለው መልስ በርከት ይላል፤ ባትሪ ሁልጊዜ ያንኑ ኮረንት የሚሰጥ ይመስላልና።

አሁን መቀዳዳቱ የሚቀንስበት ዘዴ ይመጣል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ሬዚስተር ይኑረው፤ የመታወቂያ ቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ይውሰድና 20 ይደምርበት። የመጨረሻዎቹ 37 ከሆኑ የእሱ ሬዚስተሮች 57 ኦም (የሬዚስተር መለኪያ) ናቸው። ባትሪውን ሁሉም 60 ቮልት ላይ ያድርገው። ባለ 57 ኦሙ ተማሪ በአንድ ሬዚስተር 1.05 አምፔር፣ ሁለቱ በተከታታይ ሲሆኑ 0.53፣ በትይዩ ሲሆኑ ከባትሪው 2.11 አምፔር ማንበብ አለበት። ጓደኛው 64 ኦም ይዞ እነዚህን ቁጥሮች ቢቀዳ ወዲያው ይታያል።

እነዚህ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። የሲሙሌሽኑ ሬዚስተር እስከ 120 ኦም ስለሚሄድ 20 ደምረን ከፍተኛው 119 ይሆናል። 60 ቮልት ያልነው ደግሞ አሜትሩ (የኮረንት መለኪያው) ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ነው። ባትሪው 9 ቮልት ላይ ቢተው፣ ባለ 119 ኦሙ ተማሪ በተከታታይ 0.04 ብቻ ያነባል፤ በማጠጋጋት የሚጠፋው ብዙ ስለሆነ ባለ 100 ኦሙም ያንኑ 0.04 ያነባል፤ የማን ልኬት እንደሆነ ከቁጥሩ መለየት አይቻልም። 20 ባይደመር ደግሞ ቁጥሩ በ03 ወይም በ00 የሚያልቅ ተማሪ ኮረንቱ ከመጠን በላይ ይሆንበትና ሲሙሌሽኑ ባትሪውን ያቃጥልበታል።

እርማቱን ለተመን ሉህ ይተዉት። 60ን ለኦሙ የሚያካፍል ቀመር አንድ አምድ ላይ፣ 30ን የሚያካፍል ሌላው ላይ፣ 120ን የሚያካፍል ሦስተኛው ላይ። ከ0.02 በላይ የሚለየውን ቀለም እንዲቀባልዎ ያዙት። የ64ቱን ቁጥር አይቶ መጨረስ የደቂቃዎች ሥራ ይሆናል፤ የተረፈው ጊዜዎ ማብራሪያቸውን ለማንበብ ይዋል።

ተማሪዎቹ ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላሉ፤ አስቀድመው ይወቁት። አንደኛ፣ የሽቦዎቹ ጫፎች ሳይጣበቁ ተደራርበው ብቻ ይቀራሉ። ኤሌክትሮኖቹ ካልተንቀሳቀሱ ዑደቱ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ጫፉን ጎትቶ እንደገና ማገናኘት ነው። ሁለተኛ፣ ሲሙሌሽኑ የኤሌክትሮኖችን ጉዞ ስለሚያሳይ አቅጣጫው መጽሐፉ ከሚለው ተቃራኒ ሆኖ ይታያቸዋል። የኮረንት አቅጣጫ በስምምነት ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ መሆኑን በሥራ ወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር ይጻፉላቸው፤ ሲሙሌሽኑም ወደዚያ መቀየሪያ አለው። ሦስተኛ፣ አሜትሩን እንደ ቮልትሜትር ከባትሪው ሁለት ጫፍ ላይ ይገጥሙታል፤ አጭር ዑደት ይፈጠርና እሳት ይነሳል። ይህን አይከልክሏቸው። ያለ ጉዳት የሚሳሳቱበት ቦታ ይኸው ነው። "እሳት ያስነሳው ምንድን ነው?" የሚለውን የወረቀቱ አንድ ጥያቄ ያድርጉት።

ትእዛዝ ሲጽፉ ቆጠብ ይበሉ። "ይህን ይጫኑ፣ ቀጥሎ ያንን ይጎትቱ" እያለ 20 ተራ የሚዘልቅ ወረቀት ተማሪውን ትእዛዝ ፈጻሚ ያደርገዋል፤ ጨርሶም ምን እንዳደረገ አያውቅም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያለ ትእዛዝ እንዲነካካ ይተዉት። የነገሩን የመነካካት ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ በዚያ ማለቁ ነው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የለኩት ስንት ነው? ከግምትዎ ጋር ተስማማ? ካልተስማማ በግምትዎ ውስጥ ስሕተቱ የቱ ጋ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ የሳምንቱ ዋና ሥራ ነው።

ስልክና ዳታ

አዲሶቹ የፌት ሲሙሌሽኖች በስልክ ብራውዘር ይሠራሉ። አንዱ በጥቂት ሜጋባይት ፋይል ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። እርስዎ አንድ ጊዜ ያውርዱና በቴሌግራም ቡድናቸው ይላኩት። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አከፋፈቱ ነው። ፋይሉ በቴሌግራም ውስጥ ወይም በስልኩ ቅድመ እይታ ሲከፈት ባዶ ገጽ ሊያሳይ ይችላል። ስልኩ ላይ አስቀምጦ ከዚያ "በ ክሮም ክፈት" ማለት ያስፈልጋል። ይህን በሦስት ስክሪንሾት አሳይተው ቡድኑ አናት ላይ ይለጥፉት። ስልኩን አግድም መያዝም ይገባል፤ ቆሞ ሲያዝ አዝራሮቹ እጅግ ያንሳሉ።

በጃቫ የተሠሩ የድሮ ሲሙሌሽኖች በስልክ አይከፈቱም። በፍላሽ የተሠሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽ ሲቋረጥ አብረው ቀርተዋል። ማንኛውንም ሊንክ ከመላክዎ በፊት በኮምፒውተርዎ ላይ ሳይሆን ሊያገኙ በሚችሉት ደካማ ስልክ ላይ ይሞክሩት።

ዳታውን የሚጨርሰው ሲሙሌሽኑ ሳይሆን የቀጥታ ቪዲዮው ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በ50 ደቂቃ 375 ሜጋባይት ይበላል፤ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚወስድ ድምፅ በዚያው ጊዜ 24 ሜጋባይት። ስለዚህ ማብራሪያዎን ከ6 ደቂቃ በማይበልጡ የድምፅ ቅጂዎችና በጥቂት ምስሎች ይላኩ፤ ቀጥታ ስብሰባውን ለክርክር ብቻ ያውሉት። ኮሌጅዎ ሙድል የተባለው የኢንተርኔት መማሪያ ሥርዓት ካለው፣ ኤችፋይቭፒ በተባለው መሣሪያ ቪዲዮው መካከል ላይ ቆሞ ጥያቄ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ዳታ ላላቸው ጥሩ ነው፤ ነጥብ የሚያዝበት ሥራ ግን አያድርጉት።

በቀጥታው ሰዓት

40 ደቂቃ ይበቃል። ሲጀምሩ የግምቶቹን ውጤት በባር ግራፍ ያሳዩ፤ ስም አይጥቀሱ። "38 ሰው ኮረንቱ ይቀንሳል ብሏል" ሲባል የተሳሳተው ተማሪ ብቻውን እንዳልሆነ ያያል። ቀጥሎ ከሲሙሌሽኑ ትንሽ የተለየ አዲስ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ለምሳሌ ሦስት ሬዚስተሮች፣ አንዱ ሲነቀል ምን ይሆናል? ድምፅ ይስጡ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በጽሑፍ ለ3 ደቂቃ ይከራከሩ፣ እንደገና ድምፅ ይስጡ። ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያዳበረው የእርስ በእርስ ማስተማር ዘዴ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ድምፅ ትክክል ያሉት ከ30 እስከ 70 በመቶ ሲሆኑ ክርክሩ ፍሬ ያፈራል። ከዚያ በታች ከሆነ የሚያስረዳ ጓደኛ ስለማይገኝ እርስዎ ራስዎ ያስረዱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ባጭሩ አብራርተው ይለፉ። በሁለቱ ድምፆች መካከል መልሱን አይንገሩ፤ ዝምታው ቢከብድዎትም ይታገሱት።

ቤተ ሙከራውስ?

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሲሙሌሽን ብቻውን ሳይንስ አይሆንም። ትልቁ ጉድለቱ አለመሳሳቱ ነው፤ መለኪያው አይንቀጠቀጥም፣ እጅ አይዘገይም። እውነተኛ ልኬት እርስ በርሱ እንደሚለያይና ልዩነቱ ራሱ መጠናት እንዳለበት ተማሪው ከስክሪን አይማርም። ስለዚህ በኮርሱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በእጃቸው ይለኩ።

ለመጀመሪያው ፔንዱለምን (በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) የሚተካከል የለም። ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚረዝም ክር፣ እንደ ጓጉንቸር ያለ ትንሽ ግን ከባድ ነገር፣ ማስመሪያና የስልክ ሰዓት ይበቃል። በከፊል ውሃ የያዘ ጠርሙስ አይሁን፤ ውሃው ውስጡ እየተንገላታ ውጤቱን ያበላሻል። ርዝመቶቹ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ። ከ15 ዲግሪ ባልበለጠ ያዘንብሉት፣ የ10 ሙሉ ዥዋዥዌ ጊዜ ይለኩ፣ ለእያንዳንዱ ርዝመት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። የሚጠበቀው በቅደም ተከተል 10.0፣ 14.2፣ 17.4 እና 20.1 ሴኮንድ ነው። ግምቱ ከልኬቱ በፊት፦ "ክሩን አራት እጥፍ ብናስረዝመው ጊዜው ስንት እጥፍ ይሆናል?" ብዙዎች አራት ይላሉ፤ ሰዓቱ ሁለት ይላቸዋል።

ለምን 10 ዥዋዥዌ? ጣት ሰዓቱን ሲጫን ወደ 0.2 ሴኮንድ ይሳሳታል እንበል። በአንድ ሴኮንዱ አንድ ዥዋዥዌ ላይ ይህ 20 በመቶ ነው፤ በአሥሩ ላይ 2 በመቶ። ይህን ስሌት ተማሪው ራሱ ይሥራው።

ከውጤቱ የስበት ፍጥነት ጭማሪን ያስሉ፦ 39.48ን በሜትር ርዝመቱ አባዝተው ለአንድ ዥዋዥዌ ጊዜ ካሬ ያካፍላሉ። መልሱ 9.8 አካባቢ ይመጣል። ካልመጣ ቁጥሩ ራሱ ስሕተቱን ይናገራል። 12 አካባቢ ያገኘ ተማሪ ሲለቅ "አንድ" ብሎ መቁጠር ጀምሯል፤ የቆጠረው 9 ዥዋዥዌ ነው። "ዜሮ" ብሎ ይጀምር። 39 አካባቢ ያገኘ አንዱን ጎን ብቻ ሄዶ ሲደርስ "አንድ" ብሏል። በ50 ሳንቲ ሜትር 9.4 ያገኘ ደግሞ ክሩን ብቻ ለክቶ እስከ ክብደቱ መሃል ያለውን 2 ሳንቲ ሜትር ትቷል። በትክክል 9.80 በአራቱም ርዝመት ያመጣ ተማሪ ግን ልኬቱን አልሠራም፤ በገርነት አነጋግረው ጥሬ ቁጥሮቹን ይጠይቁት።

ሁለተኛው ጨረቃ ትሁን። ለሁለት ሳምንት በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ቅርጿንና ቦታዋን ይሣሉ። በአንድ ቀን ወደ ምሥራቅ የምትሸሸው 12 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እጅ ተዘርግቶ ጭብጥ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍን በእሱ ይለካል። ደመና የጋረደበትን ቀን ባዶ ይተዉት እንጂ አይሙሉት። በመጨረሻ ስቴላሪየም በተባለው ነፃ የሰማይ ማሳያ ያነጻጽሩ። የጨረቃ ቅርጽ የሚለዋወጠው የምድር ጥላ እያረፈባት ነው የሚለው ግምት እዚህ ይፈርሳል፤ የምድር ጥላ የሚደርስባት ግርዶሽ ሲሆን ብቻ ነው፣ ግርዶሽ ደግሞ በየወሩ አይመጣም።

በቤት ኬሚስትሪ ግን ይጠንቀቁ። ማንም የማያያቸው ተማሪዎች ስለሆኑ እሳትም፣ በረኪናም ያለበት ሥራ አይስጡ። በረኪና ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። አሲድን ለሲሙሌሽኑ ይተዉት፤ የፌት የፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ ይበቃል። በሲሙሌሽኑ ውስጥ ግማሽ ሊትር የባትሪ አሲድ ላይ ውሃ ጨምረው አንድ ሊትር ሲያደርሱት ፒኤቹ ስንት ይሆናል ብለው ያስገምቱ። ከ1 ወደ 2 የሚሉ ይበዛሉ፤ የሚሆነው 1.3 ነው። ለሥነ ሕይወት በጥንቸሎች የሚያሳየውን የተፈጥሮ ምርጫ ሲሙሌሽን ይጠቀሙ። ሚውቴሽን በዕድል ስለሚመጣ የእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ይለያያል፤ የ64ቱን በአንድ ሉህ ይሰብስቡ። ጥንቸሎቹ "ስለፈለጉ" ቀለማቸውን እንዳልቀየሩ ከተሰበሰበው ይታያል።

ምን ያህል፣ ነጥቡስ እንዴት?

በአንድ ሴሚስተር ስምንት ሲሙሌሽን ይበቃል፤ በየሳምንቱ አዲስ መሣሪያ መልመድ የሳይንሱን ጊዜ ይበላል። ለእያንዳንዱ 5 ነጥብ ይያዙ፦ ግምት ለመስጠት 1፣ ለራስ ቁጥር ልኬት 2፣ ለማብራሪያ 2።

ማብራሪያውን ሌላ ሰው ወይም ማሽን ሊጽፍላቸው ይችላል። ለዚህ የሚያስተማምነው የቃል ጥያቄ ነው። በየሳምንቱ 5 ተማሪዎችን በዕጣ ይጥሩ፣ ለእያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ ይስጡ፤ በ13 ሳምንት 64ቱም ይዳረሳሉ። በድምፅ ጥሪ ይሁን፣ ቪዲዮ አያስፈልግም። "ያንተ ሬዚስተር ስንት ኦም ነበር? ሦስተኛ ሬዚስተር ብንጨምርበት በተከታታይ ስንት ያነብባል?" ሥራውን የሠራ ተማሪ ትንሽ አስቦ ይመልሳል፤ ያልሠራ የራሱን ኦም አያስታውስም።

በማጠቃለያ ፈተናው ላይ ከሲሙሌሽኑ የተወሰደ ስሕተት ያለበትን ዑደት በምስል አቅርበው ምን እንደሚያሳይ ያስገምቱ፤ ከወረቀቱ የተገለበጠ ጥያቄ ግን አይድገሙ። የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ነጥብ ይሁን፦ ፋይሉን ማውረድ፣ በክሮም መክፈት፣ አንድ አምፖል ማብራት፣ ስክሪንሾት መላክ። በዚያ ሳምንት ስክሪንሾት ያልላከውን ተማሪ በስሙ ፈልገው ይደውሉለት፤ አብዛኛውን ጊዜ የቸገረው ሳይንሱ ሳይሆን ፋይሉን መክፈቱ ነው።